ቦቢን ሐኪም የሚያየው መቼ ነው?

«ሰላም ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?

ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ ስለ ውሻ ሲጽፉ ግን አላየሁም። የምንኖረው ለቡ ነው። ቦቢ የሚባል የሦስት ዓመት ውሻ አለን። ቡችላ ሆኖ የባለቤቴ ወንድም ነው አምጥቶ የሰጠን። ያኔ አንድ መርፌ ተወግቷል። የምን መርፌ እንደሆነ አላውቅም፤ ካርዱም ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ሐኪም አይቶት አያውቅም። ታሞም አያውቅም። ያገኘውን ይበላል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ ቀን ይተኛል። በበዓል ደግሞ የበጉን ሆድ ዕቃ ስለምንሰጠው እሱም በዓሉን ያውቀዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ የጎረቤታችንን ጥበቃ እግሩን ነከሰው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የሰባት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ከቦቢ ተለይታ አታውቅም። ክሊኒክ ደወልኩ። «አምጪው» አሉኝ። እንዴት አድርጌ? ቦቢ መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ የሚፈራውም ባለቤቴን ብቻ ነው። ባለቤቴ ደግሞ «ውሻ ምን ሐኪም ያሻዋል? እኛ ቤት ስንት ውሻ ሲያድግ አንዱም መርፌ አያውቅም፤ ይሄ የሀብታም ቅንጦት ነው» ይላል።

በዓመት ስንት ጊዜ ነው መታየት ያለበት? ከየቱ ልጀምር? ወይስ እውነትም ቅንጦት ነው?

የቦቢ እመቤት፣ ከለቡ»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ከቦቢ በፊት ስለዚያ ጥበቃ ልጠይቅሽ። ቁስሉን አጠበው? ጤና ጣቢያ ሄደ? ካልሄደ ንባቡን እዚህ ጋ አቁሚና ሄደሽ ንገሪው። «ሳምንት አለፈኝ» ብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታው ራሱ እስካልጀመረ ድረስ መከላከያ መርፌውን መጀመር ይችላል። ለወደፊቱም ይህን ያዢ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ አለበት። 15 ደቂቃ ስታጥቢ ረጅም ነው፤ ሰዓት እያየሽ ይሁን። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ቁስሉ ላይ ቡና መነስነስ ይቅር። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መርፌውን ግን እንዳያቋርጥ።

ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት ስለሌለው ነው። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ከመቶ 99ኙ ከውሻ የመጣ ነው። ከሚነከሱት ሰዎች ከመቶ 40 ያህሉ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አገራችንም በሽታው ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት። እንቅልፍ ያጣሽው በከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ቦቢ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት ውሻ ያሳደግሁ፣ አንዷን በገዛ ጥፋቴ የቀበርኩ ሰው ነኝ። የምነግርሽ ከዚያ የተማርኩትንና ውሾቼን ከሚያየው ሐኪም የለቀምኩትን ነው።

መልሱ በአጭሩ ይሄ ነው። የእብድ ውሻ ክትባት በዚህ ሳምንት። ምርመራና ክትባት በዓመት አንዴ። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ። ዕድሜው ሰባት ስምንት ዓመት ሲደርስ ምርመራውን በዓመት ሁለቴ ታደርጊዋለሽ። አለቀ። እንደምታዪው ፕሮግራሙ ከባድ አይደለም። ሰው የሚያቅተው ቀኑን ማስታወሱ ነው። ውሻ ደግሞ «ቀጠሮዬ ደረሰ» ብሎ አይነግርሽም።

ባለቤትሽ «ስንት ውሻ አደገ» ያለው እውነቱን ነው። እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው፤ ደብረ ማርቆስ አጠገብ። «ያበደ ውሻ መጣ!» ሲባል እናታችን እየጎተተች ቆጥ ላይ ታወጣን ነበር። ወንዶቹ ዱላ ይዘው ይወጣሉ፤ ውሻው ይገደላል። አንዳንዴ የሚገደለው የገዛ ውሻችን ነው። በሳምንቱ ሌላ ቡችላ ይመጣል። ስሙም ያው የሟቹ ስም ነው። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ «ጉሬዛ ይኸው አሥራ አምስት ዓመት ጠበቀኝ» ይል ነበር። እኔ ስቆጥር አራት ጉሬዛ ነበሩ። ባለቤትሽን እስቲ በጨዋታ መሐል ስንት ቦቢ እንደነበራቸው ጠይቂው።

ቦቢ ያኔ የተወጋው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ እንዳልተወጋ ቁጠሪው። ቢደገምበት አይጎዳውም። የእብድ ውሻ ክትባት ለቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል። ያመለጠው ትልቅ ውሻ ባስታወስሽው ቀን ይጀምራል። በዓመቱ ይደገማል። ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ ነው። እኔ በየዓመቱ ነው የማስወጋው፤ በራችን ላይ የባዘነ ውሻ እንደሚያድር አውቃለሁና። ታዲያ ያ ጥበቃውን የነከሰው ውሻ ከቦቢም ጋር ተናክሶ ከሆነ፣ ወይም ቦቢ ላይ የማታውቂው ቁስል ካየሽ፣ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። ያኔ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰው የነከሰውን ውሻ ደግሞ ያዩት ሰዎች ዐሥር ቀን ዓይናቸውን አይንቀሉበት። በምራቁ በሽታውን የሚያስተላልፍ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። ካልታየ ወይም ከጠፋ ግን እንደታመመ ነው የሚቆጠረው።

ቀኑን እኔ ከመስቀል ጋር አስሬዋለሁ። ምክንያት አለኝ። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሴፕቴምበር 28 ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 የሞተበት ቀን ነው። በ1885 የእብድ ውሻ ክትባትን ለሰው የሰጠው ሳይንቲስት እሱ ነው። የእኛው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ስንት ጊዜ ስሙ ቢቀየርም ጉለሌ የሚጭነው ወያላ ዛሬም «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ነው የሚጠራው፤ የእኚህ ሰውዬ ስም ነው እንግዲህ። ሴፕቴምበር 28 ብዙውን ጊዜ በእኛ መስከረም 18 ይውላል። የመስቀል ማግስት ማለት ነው። እኔ መስቀልን ረስቼ አላውቅም። ስለዚህ የዳማን ክትባትም አልረሳም። ዳማ አሁን ያለው ውሻዬ ነው። በየዓመቱ አፍንጫው ላይ የደመራ አመድ እንደያዘ ሐኪም ፊት ይቀርባል።

አንቺ ግን መስቀልን አትጠብቂ። አሁን አስወጊውና ሁለተኛውን በሚቀጥለው መስቀል አድርጊው። ዓመት ሳይሞላ ትንሽ ቢቀድም ችግር የለውም። ችግሩ ሲያልፍ ነው።

ስለ ማለፍ ካነሣን፣ ስለ ማሩ ልንገርሽ።

ማሩ የማር መልክ ያላት ቡችላ ነበረች። መስከረም ላይ ነው የመጣችልን። ጥቅምት 8 የመጀመሪያውን ክትባት ተወጋች። ካርዷ ላይ ቀጣዩ ቀጠሮ ተጻፈ፤ «5/3»። ሌላ ምንም የለም። እኔ ያኔ የምሠራው ከፈረንጆች ጋር ነበር፤ ስልኬም ጭንቅላቴም በእነሱ አቆጣጠር ነው። ማርች 5 ብዬ ስልኬ ላይ ሞላሁት። እንዲያውም «ገና አራት ወር ተኩል አለኝ» ብዬ ደስ አለኝ። የተጻፈው ለካ ኅዳር 5 ነው። ወሩ እንኳ አልሞላም ነበር።

የገና ሰሞን ማሩ መብላት አቆመች። ማታ አስመለሳት። ጠዋት ስነሣ ሳሎን በር ላይ ያለው ምንጣፍ ላይ ተኝታለች፤ ከሥሯ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ፓርቮ ነው ተባለ፤ ቡችላ የሚፈጅ የአንጀት በሽታ ነው። ግሉኮስ ተተከለላት፣ መርፌ ተወጋች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙን «ቀጠሯችን እኮ ማርች ላይ ነበር» አልኩት። ካርዱን ተቀብሎ አየ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ምንም አላለም።

ስለዚህ የቦቢ ካርድ ላይ ወር በቁጥር አይጻፍ። «ኅዳር» ተብሎ በፊደል። አጠገቡ የፈረንጁ ቀን ከነዓመቱ። ሐኪሙ ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ፤ እዚያው ቆመሽ አስጽፊው። የክትባቱ ጠርሙስ ላይ የሚላጥ ወረቀት አለ፤ እሱም ካርዱ ላይ ይለጠፍ። የክትባቱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን የያዘው እሱ ነው። ከዚያ ካርዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ለባለቤትሽም ላኪለት። ካርድ ይጠፋል፤ የአንቺም ጠፍቷል።

ቨርጂኒያ ያለችው የእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ትስቃለች። እዚያ አራት ወር የሞላው ውሻ የእብድ ውሻ ክትባትና ፈቃድ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል፤ ክሊኒኩም ቀኑ ሲደርስ በስልኳ መልእክት ይልክላታል። እኛ አስታዋሻችን ራሳችን ነን።

«አንዴ ተወግቷል፤ ምን አደከመን?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቡችላ የእናቱን እንገር ሲጠባ የእናቱን መከላከያም አብሮ ይጠባል። ያ መከላከያ ቡችላውን ይጠብቀዋል፤ ግን ክትባቱንም ያከሽፈዋል። መቼ ተሟጦ እንደሚያልቅ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል፤ በዓይን አይታይም። ለዚህ ነው ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚደጋገመው። ቢያንስ 16 ሳምንት እስኪሞላው መዝለቅ አለበት። ማሩ የቀረባት ይሄ ነው። ስድስት ወር ወይም ዓመት ሲሞላው ደግሞ አንድ ማጠናከሪያ አለ። ጎረቤቶችሽ ቡችላ ካላቸው ይህን አስነብቢያቸው።

ቦቢ ግን ትልቅ ስለሆነ ያ ሁሉ መደጋገም አያስፈልገውም። ከእብድ ውሻው ሌላ ባለ ብዙ የሚሉት ክትባት አለ፤ ዲስቴምፐርን (ሳንባንና አንጎልን የሚያጠቃ የውሻ በሽታ ነው)፣ ፓርቮንና የጉበት በሽታን ባንድ መርፌ የሚይዝ። አብዛኛው ሌፕቶስፓይሮሲስንም ይጨምራል። ሌፕቶው በጥቂት ሳምንት ልዩነት ሁለቴ ተሰጥቶ በየዓመቱ ይታደሳል። በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ሰውንም ይይዛል። ክረምት ላይ ግቢያችሁ ውኃ የሚያቁር ከሆነና አይጥ ካለ አትዝለዪው። የዲስቴምፐሩና የፓርቮው መከላከያ ግን በትልቅ ውሻ ላይ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ በየዓመቱ ሁሉንም እንውጋው የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ «ለምን?» ብለሽ ጠይቂ። ጥሩ ሐኪም በጥያቄ አይቀየምም።

አሁን ወደዚያ የበግ ሆድ ዕቃ እንምጣ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ከጥበቃው ቀጥሎ ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ አንቺ ግን እንደ ዋዛ ነው የጻፍሽው።

በጉ ታርዶ ሲበለት አይተሻል። አራጁ ሳንባውን ወይም ጉበቱን ገልበጥ ሲያደርግ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ያገኛል፤ አንዳንዴ የአተር፣ አንዳንዴ የእንቁላል ያህላል። «ይሄ አይበላም» ይልና በቢላው ቆረጥ አድርጎ ወደ ኋላው ይወረውረዋል። ውሻው መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ይቀልበዋል። ሁላችንም እንስቃለን።

ያ ከረጢት የትል ከረጢት ነው። ውስጡ ያሉት ፍሬዎች ውሻው አንጀት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን የኮሶ ትሎች ይሆናሉ፤ በሺዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ። ውሻው አይከሳ፣ አያስመልሰው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ልጅሽ አቅፋው፣ ደባብሳው፣ በዚያው እጇ ዳቦ ብትቆርስ ሊተላለፍባት ይችላል። ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ለዓመታት ሳይሰማ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው።

አላስፈራሽም፤ መላው ቀላል ነው። ጥሬ ሆድ ዕቃ ለቦቢ አይሰጥ። ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ሰፈር ውስጥ ከተጣለ ሌላ ውሻ ያገኘዋል። ሌላውን በደንብ ቀቅላችሁ ስጡት፤ እሱ የሚያውቀው በዓሉን እንጂ ጥሬነቱን አይደለም። የትሉን መድኃኒት ደግሞ ከበዓል ጋር እሰሪው። የእኔ ቀኖች እነዚህ ናቸው፤ መስቀል ሲያልፍ፣ ገና ሲያልፍ፣ ፋሲካ ሲያልፍ፣ አንዱ ደግሞ ሐምሌ ላይ ጭቃው ሲበዛ። አራት ጊዜ መሆኑ ነው። ጥሬውን ሳታዩት በልቶ ከሆነ ወር ሳይሞላው ስጡት፤ ያኔ እንቁላሉ ሳይጀምር ትቀድሙታላችሁ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በዪ። አንደኛ፣ ሁሉም የትል ኪኒን ይህን ትል አይገድልም። ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆን አለበት፤ ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ። ለበግ የተገዛውን ኪኒን ግማሹን ለውሻ መስጠት የኛ ሰው ልማድ ነው፤ አይሠራም። ሁለተኛ፣ መጠኑ በክብደት ነው። ቦቢ ስንት ኪሎ ነው? እኔ የመጀመሪያውን ውሻዬን የመዘንኩት ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ነው። ባለ ወፍጮው ጤፍ ይዤ የመጣሁ መስሎት ነበር። 31 ኪሎ ሆነ፤ እኔ 20 ነው ብዬ ስሰጠው ከርሜያለሁ።

ልጅሽ ከቦቢ ትለይ አልልሽም። እጇን ትታጠብ፤ ፊቷን አይላሳት። የቦቢም ዓይነ ምድር በየቀኑ በአካፋ ይነሣ።

እንዴት ይሂድ ላልሽው፤ አይሂድ። ቤት ድረስ የሚመጣ የእንስሳት ሐኪም አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። ክሊኒኩን «አምጪው» ሲሉሽ «ሰው ትልካላችሁ?» በያቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከግቢ ወጥቶ የማያውቅ ዘበኛ ውሻን መጀመሪያ ቀን ራይድ ውስጥ መክተት ለሹፌሩም፣ ለወንበሩም፣ ለቦቢም ግፍ ነው።

ዋጋው ከከበደሽ ጎረቤት አስተባብሪ። አንዳንዱ የእብድ ውሻ ክትባት ጠርሙስ ለብዙ ውሻ የሚበቃ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ብዙ አይቆይም። በዚያ ላይ ሐኪሙ ለአንድ ግቢ ሲመጣና ለስድስት ግቢ ሲመጣ ሒሳቡ አንድ አይደለም። እንደ ቅርጫ አስቢው። እኛ ሰፈር ባለፈው መስከረም ዘጠኝ ውሻ በአንድ ጠዋት ተወጋ። ሁለቱ ባለቤት የሌላቸው ነበሩ፤ ሥጋ ቤቱ ከፈለላቸው። ወረዳችሁንም ጠይቂ፤ አንዳንዴ የክትባት ዘመቻ ይኖራል። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው እንደሆነ አትርሱ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

ክትባቱን ራስሽ ገዝተሽ በቦርሳ ይዘሽ እንዳትዞሪ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው። ከሞቀ ውኃ እንደመውጋት ነው፤ ካርዱ ላይ ግን «ተከትቧል» ይላል። የሚመጣው ሐኪም በረዶ ያለበት ሳጥን መያዙን እዪ። ከኪሱ ካወጣው ቡና ጠጥቶ ይሂድ።

ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ቀን ቦቢን አለማምዱት። ባለቤትሽ ጆሮውን ይንካው፣ ከንፈሩን ገለጥ ያድርግ፣ እግሩን ያንሣ፣ ከዚያ ቁራጭ ሥጋ ይስጠው። አፉ የሚታሰር ከሆነም ማሰሪያውን አስቀድሞ ያሽትተው። ሐኪሙ የሚያደርገው ያንኑ ነው። የዳማን ሐኪም ሁሌ ነው የማየው። መጀመሪያ እጁን ያስሸትተዋል። ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ድዱን ያያል፤ ሮዝ መሆኑን። የኋላ ጥርሶቹን ያያል። ጆሮው ውስጥ ያሸታል፤ አዎ፣ በአፍንጫው። ከዚያ ጣቶቹን በእግሩ ጣቶች መሐል እየከተተ መዥገር ይፈልጋል። ባለፈው ዓመት ከአንገት ማሰሪያው ሥር፣ እኔ በየቀኑ የማስርበት ቦታ ላይ፣ ቆዳው ተልጦ አገኘ። እኔ አላየሁትም ነበር። ቦቢ ቀን ቀን በሰንሰለት የሚውል ከሆነ ከዚያ ጀምሪ።

ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ዓይናችሁ አይለየው። ያን ቀን ቢጫጫነው አትደንግጪ። ፊቱ ካበጠ ግን ወዲያው ደውዪ። ያመመው ቀን ደግሞ አይወጋም፤ መጀመሪያ ይታከም። ስለ ማኮላሸት ሐኪሙን ራሱን ጠይቂው፤ እሱን እዚህ ከጀመርኩት ባለቤትሽ ጋዜጣውን ይቀድደዋል።

ቅንጦት ነው ወይ ላልሽው፣ ባለቤትሽ መኪና ካለው ዘይት የሚቀይረው መኪናው ሲቆም ነው ወይስ ቀድሞ? ይህን አንቺ አትበይው፤ እኔ እንዳልኩት አድርገሽ አንብቢለት።

ካርዱን ልጅሽ ትያዘው። የሰባት ዓመት ልጅ ቀን አትረሳም፤ የልደቷን ቀን ስንት ጊዜ እንደምታስታውስሽ ታውቂያለሽ። ፍሪጁ ላይ ትለጥፈው፤ ወሩን ራሷ በፊደል ትጻፈው። አንቺ ለሐኪሙ ቡና አፍዪ። ቦቢን የሚይዘው ግን አባቷ ነው። የሚፈራው እሱን ብቻ ነው ብለሻል።